ጅግራዋና በነጻ ጭጎጎት ለቃሚዎቹ

ተረት ልትሰሙ ነው የመጣችሁት? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ። እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ሳልህን አሁን ጨርስ፤ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝን እንደማልወድ ታውቃለህ። ትናንት ይቺ እመካከላችሁ የተቀመጠችው ሙሉዓለም መጥታ፣ “አባባ፣ ስልኬ ውስጥ ሰላይ የገባ መሰለኝ። ሰላይ በነጻ አጸዳለሁ የሚል ፕሮግራም አገኘሁ፤ ልመነው ወይስ አልመነው?” አለችኝ። እኔ የስልክ ነገር ምን አውቄ! የማውቀው የጅግራዋን ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ድሮ፣ ቅልም ድንጋይም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ጅግራ የምትባል አንዲት ጅግራ ነበረች። ረጅም ሣር ውስጥ ጎጆ ሠራችና አሥራ ሁለት እንቁላል ጣለች። ቀበሮ መጥቶ በላባት። አለቀሰች። ወንዙን ተሻግራ ሌላ ጎጆ ሠራች፤ አሥር ጣለች። እሱንም በላባት። በሦስተኛው ከቋጥኝ ሥር ገብታ ስምንት ጣለች። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ እነዚህ ከተበሉ ለዚያ ዓመት ልጅ የሚባል አታይም።

“ግን እንዴት ነው የሚያገኘኝ?” እያለች ስትብሰለሰል፣ ውኃ ቀጂዎች ጥለውት የሄዱ አንድ አሮጌ ቅል ሰማት።

“አንቺ ሞኝ፣ ላባሽን እይው እንጂ” አላት።

ብታየው ጭጎጎት ነው። ያ በሄድንበት ሁሉ ልብሳችን ላይ የሚለጠፈው፣ መቼ እንደተለጠፈ እንኳ የማናውቀው። ለካ ጭጎጎትና ቀበሮ ተዋውለዋል! ቀበሮ የጭጎጎትን ዘር በጭራው ተሸክሞ አገር ላገር ይበትንለታል። ጭጎጎት ደግሞ ላባዋ ላይ ተጣብቆ ጎጆዋ ድረስ ይገባና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀበሮ ሲያልፍ “እዚህ ነን፣ እዚህ ነን” ብሎ ያንሾካሹክለታል። አያችሁልኝ ተንኮል!

ጅግራዋ ደረቷ ላይ ያለውን ለቀመች። ጀርባዋና ማጅራቷ ላይ ያለው ግን አልደረስ አላት።

“ለቃሚ ፈልጊ” አላት ቅሉ። “የመጣውን ሁሉ ግን ሦስት ነገር ጠይቂው። ምን ታገኛለህ? ከእኔ ምን ትፈልጋለህ? ሥራህንስ የት ልየው?”

መጀመሪያ አያ ዝንጀሮ መጣ። ከሩቅ እየጮኸ ነው የመጣው።

“ኧረ እመት ጅግራ፣ እርስዎ ላይማ ስልሳ ጭጎጎት አለ። ዛሬውኑ ካልተለቀመ አለቀልዎት። እኔ በነጻ እለቅማለሁ፤ ይሰለፉ።”

የጅግራን ነገር ታውቃላችሁ፤ አንዷ ፊት ከሄደች የቀሩት ተከትለው ነው፤ የኋለኛዋ ወዴት ነው ብላ አትጠይቅም። መንጋው በሙሉ ዝንጀሮው ፊት ተሰለፈ። የእመት ጅግራም እግር ሳታዝዘው ወደ ሰልፉ ተነሣ።

“ተመለሺ” አላት ቅሉ።

“ሁሉም ተሰልፈው የለ?”

“ሁሉም የተሰለፉት የፊተኛዋ ስለተሰለፈች ነው። የፊተኛዋን ማን ጠየቃት? ይልቅ በቅጠል ሸፍኚኝና፣ ይህን እንግዳ እይልኝ በይው።”

ሸፈነችው፤ ዝንጀሮውንም ጠራችው። እሱ እጁን ሳያነሣ፣ ቅጠሉንም ሳይገልጥ አንገቱን ነቀነቀ።

“ወይ እንግዳ! ሰማንያ አለበት። ሠላሳውን በነጻ እለቅምለታለሁ፤ የቀረው የከፋ ነው፤ ለእሱ ማሽላ ያምጣ።”

ጅግራዋ ቅጠሉን ገለጠችው። ልሙጥ ቅል! ጭጎጎት ልለጠፍ ቢል እንኳ የሚይዘው አንድ ፀጉር የሌለው።

“አንቺ እኔን ልትፈትኚ ነው?” ብሎ ተቆጣ ዝንጀሮው። ያ ሁሉ አንቱታ የት እንደገባ እንጃ። “ለመሆኑ ምን ታገኛለህ?” ብትለው ሳይመልስ ሄደ፤ ሰልፉም ተበተነ።

ቀጥሎ አያ ሸለምጥማጥ መጣ። ይሄኛው አልጮኸም። ዝም ብሎ ተጠጋና ከጀርባዋ ሦስት ጭጎጎት ነቅሎ ፊቷ አስቀመጠላት። እውነተኛ ጭጎጎት ነው፣ እሾሁ የሚታይ። ጅግራዋ ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

“ሥራህን አየሁት” አለችው። “ምን ታገኛለህ?”

“ምንም። ደግ ስለሆንኩ ነው።”

“ከእኔስ ምን ትፈልጋለህ?”

“እምብዛም። ጎጆሽን ብቻ አሳዪኝ፤ እዚያ እየገባሁ በየማታው ልልቀምልሽ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ተኚ።”

ጅግራዋ ወደ ቋጥኙ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሄደች። በሦስተኛው ቆመች።

“ጭጎጎቱ ያለው ላባዬ ላይ ነው” አለች ቀስ ብላ። “ጎጆዬ ለምን አስፈለገህ?”

ሸለምጥማጡ ከንፈሩን ላሰ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ለቀበሮ ያልነገረችውን ጎጆ በገዛ እግሯ መርታ ልታሳይ ነበር!

“ሂድልኝ” አለችው፤ ሄደ።

ጅግራዋ ተቀምጣ አለቀሰች። “የሚያስመስለውም ሌባ፣ የሚሠራውም ሌባ። በነጻ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ ልጆቼም አይተርፉም” አለች።

ይሄኔ አንዲት ድንቢጥ ከሣሩ ጫፍ ላይ ወረደች።

“እመት ጅግራ፣ ልልቀምልሽ?”

“አንቺ ደግሞ ምን ታገኛለሽ?” አለቻት፣ ቁጣ ቁጣ እያላት።

“ዘሩን ነዋ! ጭጎጎት ውስጥ ያለው ዘር ምሳዬ ነው። አንቺ ትጸጃለሽ፣ እኔ እጠግባለሁ።”

“ከእኔስ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ዝም ብለሽ መቆም።”

“ጎጆዬስ?”

“ለምኔ? እንዲያውም አትንገሪኝ፤ ወሬኛ ነኝ፣ ያመልጠኛል።”

“ሥራሽን የት ልየው?”

“ማዶ ያሉትን ላሞች ጠይቂያቸው፤ ጭራቸውን በየቀኑ ነው የምለቅመው። ደግሞ እዚሁ ሜዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ ሁሉም እያየ እለቅምልሻለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ክንፍሽ ሥር የተደበቀ ሊያመልጠኝ ይችላል፤ እሱን ራስሽ ፈትሺ። ነገም ሣር ውስጥ ከገባሽ እንደገና ይለጠፍብሻል፤ ተመለሺ።”

ጅግራዋ አላመነቻትም። ላሞቹ ዘንድ ሄደች፣ ጠየቀች፣ ጭራቸውንም ዞራ አየች። ጭራው ንጹሕ ነው። ተመልሳ ቆመች፤ ድንቢጧም ለቀመችላት። ክንፏ ሥር የቀረችውን አንዲት ጭጎጎት ራሷ ነቀለቻት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቀበሮ መጣ። ጆሮውን ቀስሮ ቆመ። ወዲህ ቢል ዝም፣ ወዲያ ቢል ዝም። በቋጥኙ አጠገብ አለፈ፤ ጅግራዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ስምንቱን ታቅፋ ነበር። በማግሥቱም መጣ፣ በሦስተኛውም መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሰልችቶት ቀረ። ስምንቱም ተፈለፈሉ፣ አንድ ሳይጎድል።

ጫጩቶቹን ሜዳ ያወጣቻቸው ቀን ድንቢጧ መጣች። እመት ጅግራ ወዳጇን ሰላም ብላ ወደ ልጆቿ ዞረች። “እኔ ስለማውቃት ብላችሁ እንዳትሰለፉ። ጠይቋት” አለቻቸው። ከሁሉም ትንሿ ጫጩት፣ ገና የእንቁላል ቅርፊት ራሷ ላይ ያለባት፣ ፊት ወጣችና “ምን ታገኛለሽ?” አለቻት።

ድንቢጧ ሳቀች። አልተቀየመችም፤ አንድ በአንድ መለሰችላት።

አያችሁ ልጆቼ፣ በነጻ የመጣ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ በነጻ የመጣ ሁሉ ደግም አይደለም። ሳያያችሁ የሚያስፈራራችሁን ሸሹት፤ ለሥራው የማያስፈልገውን የሚለምናችሁን መልሱት፤ ስትጠይቁት ሳይቆጣ የሚመልስላችሁን ግን ፈትናችሁ እመኑት። ተረቴን ይኸው አስረከብኳችሁ፤ በሉ እናንተም ከማመናችሁ በፊት ጠይቁኝ።