ካሜራው እስኪደርስ

አንዲት አልቃሽ ነበረች፤ ትርንጎ የምትባል። ለቅሶ ቤት ገብታ ሙሾ ስታወርድ ልበ ደረቅ የተባለው ሰው እንኳ ዓይኑን ይጠርጋል። የሟቹን ልፋት፣ ደግነቱን፣ ማንም ያላየለትን ሁሉ እያነሣች ስለምታለቅስለት ድሃውም በክብር ይሸኛል። ለዚህ ነው ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራት።

አንድ ቀን ታዲያ ቪዲዮ የሚሠራ ጎረምሳ ቀረጻትና ቪዲዮውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለቀቀው። ጉድ ፈላ! ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «ያቺ አልቃሽ! እሷ ናት!» እያሉ ይጠቋቆሙባት ጀመር። ትርንጎም ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል? ከዚያ ወዲህ ጎረምሳው ካልመጣ አፏን አትከፍትም።

ደብሪቱ የልብ ጓደኛዋ ነበረች፤ የሰው ልብስ እያጠበች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት። ታማ አልጋ ላይ ሳለች የትርንጎን እጅ ያዘችና «አደራሽን፣ ዝም ብለው እንዳይሸኙኝ። ኑሮዬን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለቻት። ትርንጎም ማለችላት።

ደብሪቱ አረፈች። ሬሳዋ ሊወጣ ሲል ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ ትርንጎ ዞረ። እሷ ግን ስልኳን ታያለች። ጎረምሳው መንገድ ተዘጋግቶበት «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል።

«ምነው ትርንጎ? ካህናቱ ቆመው እየጠበቁ እኮ ነው» አሏት የእድሩ ዳኛ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ፣ አሁን ይደርሳል።»

«ማነው የሚደርሰው?»

ትርንጎ መልሳ ስልኳን አየች። ሙሾው ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ልታወጣው ትልና «እንዲህ ያለው ሳይቀረጽ ይቅር?» ብላ መልሳ ትውጠዋለች። በዕድሜዋ እንደዚያ ያማረ ግጥም አልመጣላትም ነበርና ሳሳችለት። የአስከሬን መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁና «በሉ አንሡ» አሉ። የደብሪቱ ሬሳ፣ ከልጇ ሲቃ በቀር አንድም ድምፅ ሳይሰማ፣ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሙሾ አይፈቀድም።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ ጎረምሳው እያለከለከ ደረሰ። «ችግር የለም እትዬ ትርንጎ! ድንኳኑም አለ፣ ሰውም አለ። እዚህ ጋ ይቁሙና ይጀምሩ!»

ትርንጎ ተነሣች። ይሄኔ የደብሪቱ ልጅ ካቀረቀረችበት ቀና አለች።

«እትዬ ትርንጎ፣ እማዬ እኮ ሄዳለች። አሁን ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

ያ ሁሉ ግጥም የት እንደገባ እንጃ። ትርንጎ አንድ ቃል አጣች፤ እንባዋ ብቻ ዝም ብሎ ወረደ። ጎረምሳው ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግቶ «እሰይ! እንደሱ ነው፣ እንዳያቆሙ!» አላት። ትርንጎ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ወገኖቼ፣ መታወቅ ነውር የለበትም። ትርንጎን ያስከበራት ግን ማንም ሳይቀርጻት ለሰው መድረሷ ነበር። የሚያያትን ስትጠብቅ የሚያምናትን አጣች፤ የጓደኛዋን አደራ በላች፣ የራሷም ክብር አብሮ ሄደ። እስቲ አንተም፣ አንቺም ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ዛሬ የሚጠብቃችሁ ሰው እያለ፣ ተመልካች እስኪመጣ ብላችሁ የዋጣችሁት ቃል የለም?