ከርከሮ ሰርግ የሄደ ዕለት

ጠጋ በሉ፣ ተረት መጣች።

ጃርት ልጁን ሲድር ጓደኛው ከርከሮ እንዳይዘገይ ብሎ በረግረጉ አቋርጦ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። የዳሱን በር የሚጠብቀው ነጭ ካባ የደረበው ጉሬዛ ነበር።

«እንዲህ ለብሰህ ነው ሰርግ የምትገባው?» አለው።

«ለሙሽሪት እስክስታ ልወርድላት ቃል ገብቻለሁ፣ ጋሼ። ካላስገባኸኝ እዚሁ እወርዳለሁ» አለና ከበሮው ሲመታ ትከሻውን ነቀነቀው።

ጭቃው ተረጨ። አማቶቹ ላይ፣ ሙሽሪት አፍንጫ ላይ፣ የጉሬዛ ካባ ላይ አረፈ። ሙሽሪት በሳቅ ፈርሳ ተነሥታ አብራው ወረደች፤ ዳሱ ሁሉ ተከተላት።

ጉሬዛ ብቻ ካባውን እያራገፈ በር ላይ ቀረ። ከርከሮ መለስ ብሎ ጎተተው።

«ግባ እንጂ ጋሼ፤ አሁንማ ለሰርጉ ለብሰሃል።»

ተረቴ እዚህ አለቀች፤ ትከሻ ያለው ይነቅንቅ።