የፊታውራሪ ካባና እኔ ጠባቂዋ

አንድ ቀን፣ በከተማችን ሙዚየም ከጽዳት ሠራተኛነት ወደ «ቅርስ ጠባቂነት» ባደግሁ በሳምንቱ፣ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ባለሙያ ከበላይ መሥሪያ ቤት መጡ። ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ክፍል ናት። የምንኮራበት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የፊታውራሪ ውበቱ የከፋይ ካባ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ።

እኔም ትጋቴን ላሳይ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ አቧራውን ጠረግ ላደርግ ስል፣

«ተይ!» ብለው ጮኹብኝ። ክው አልኩ። «የእጅ ላብ የወርቁን ክር ያጠቁረዋል። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ደግሞ ቀለሙ ይለቃል። በወሩ የመስታወት ሣጥንና የብል መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው!»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። እሺ ማለት ላይ መቼም ማንም አይደርስብኝም።

ወሩ አለፈ። ፋሲካ አለፈ፤ የሚቀጥለውም ፋሲካ አለፈ። ደብዳቤ ላክን፣ ስልክ አስደወልን፤ «ይመጣሉ፣ መንገድ ላይ ናቸው» እየተባልን ከረምን። እሳቸው መንገድ ላይ ሳሉ ብሉ ቀድሟቸው ደረሰ።

ዘበኛችን ጋሽ ድንበሩ ካባውን አይተው አላስችል አላቸው።

«እትዬ አትጠገብ፣ ኧረ እናራግፈው!»

«አይነካም ተብሏል፣ ጋሼ።»

«ብሉ እየነካው አይደል እንዴ?»

«እሱ ሲነገር አልነበረም። እኔ ግን ነበርኩ።»

ቢሆንም ዝም አላልኩም። በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ «መንካት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ አጠገቡ ሰቀልኩ። ጎብኚው ሁሉ አከበረው። ብሉ ግን ፊደል አልቆጠረ፣ ምን ያድርግ! ቤቴ ብትመጡ የባለቤቴን ኮት እንኳ ብል አይደፍረውም፤ በየጊዜው አራግፋለሁ፣ አናፍሳለሁ። አደራ የተሰጠኝን ካባ ግን በጸሎት ብቻ ያዝኩት። ቅዱስ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ በብል ጉዳይ ስንት ጠዋት አስቸግሬዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አቶ ልሳነወርቅ መጡ፤ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ሣጥን የለ፣ መድኃኒት የለ። የከተማው ሽማግሌዎች ሊቀበሏቸው ተሰብስበዋል። ከነሱ መሃል የፊታውራሪ የልጅ ልጅ አቶ ማንያዘዋል ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ባለሙያው ወደ ካባው ጠጋ ብለው ትከሻውን ቢያዩት ወንፊት ሆኗል።

«ጉድ ነው! ይኼ ካባ አሳቢ የለውም!» አሉ። «ዛሬውኑ ጭኜው እሄዳለሁ። ይቺም ሴትዮ ከነገ ጀምሮ ወደ መጥረጊያዋ ትመለስ!»

አቶ ማንያዘዋል ፊታቸው አመድ መሰለ። የአያታቸው ካባ ከከተማው ሊወጣ ነው። እውነትም ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቤት እመቤት ሆኜ ብል አላባርር ካልኩ ማን ሊያባርር ነው? ሰውየው ግን አልበቃቸውም፤ ጣታቸውን ቀስረው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ እዚህ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጠባቂ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጠባቂ! እሰይ! ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ተጎልተሽ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«እርስዎን» አልኳቸው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ድንበሩ በሩን ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ማንያዘዋል ሳቃቸውን እንደምንም ገትተው «በሉ እንግዲህ ባለሙያው፣ እሷ ድርሻዋን ጠብቃለች፤ ካባው የትም አይሄድም!» አሉ። አቶ ልሳነወርቅ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ሣጥኑም መድኃኒቱም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው «አፈ ስለቷ አትጠገብ» ይለኛል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ የተጠየቅሁትን ብቻ ነው የመለስኩት። ለምን እንደሳቁ የገባኝ እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነው፤ ፍርፍር ብዬ ስስቅ አጠገቤ የቆመችው ሴት ቆንጥጣ ዝም አሰኘችኝ።