ሦስት ቋጠሮ ያለው ክር

እጁ የማያርፍ አንድ ሰው ነበረ። ይልቃል፣ «ሐሙስ ይግባኝ ሰሚው ፊት ምን ልበል?» ላልከኝ የሱን ልንገርህ።

ይህ ሰው የጎረቤቱን ማረሻ ሰርቆ ተያዘ። የአገሩ ዳኛ ቅጣቱ አምስት ዓመት ሰንሰለት ነው አሉ። ግን ወህኒ አልሰደዱትም። ከጋቢያቸው ዘርፍ አንድ ክር መዘው እጁ አንጓ ላይ ቋጠሩለትና፣ ዓመት እስኪሞላ ሳይበጠስ በየቅዳሜው እያመጣህ አሳየኝ፣ ከተበጠሰ አምስቱ ዓመት ይጸናብሃል አሉት። ሰውየው እየሳቀ ወጣ። በክር መታሰር ምን አላት።

መጀመሪያ ጠላ ቤት ተጣልቶ በጠሰው። በጥርሱ ቋጠረና ቅዳሜ ቀርቦ እንጨት ስፈልጥ ነው አለ። ዳኛው አለፉት። ቀጥሎ ሠርግ ላይ ትግል ገጥሞ በጠሰው። ያኔ ዳኛው፣ ከእንግዲህ ምሕረት የለህም አሉት። በሦስተኛው ግን አልጠጣም፣ አልተጣላም፤ ጤፍ ሲያወርድ ጆንያው ያዘውና ተበጠሰ። ቋጠረው። ግን ማን ያምነኛል ብሎ ሁለት ቅዳሜ እህቱ ጎተራ ውስጥ ተደበቀ። ጎትተው አወጡት። አምስቱ ዓመት ጸና።

ይግባኝ አለ። ከዘበኛ ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ ሁለት ቀን ተጓዘ። እህቱ ከነጠላዋ የመዘዘችለትን አዲስ ክር መቀነቱ ውስጥ ሸጉጧል። የላይኛው ዳኛ ዓይናቸው ደክሟል፣ በጣታቸው ነው የሚያዩት ብለውታል። አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ቢያስር፣ የታችኛው ዳኛ ዋሹብኝ ቢል፣ በቃ፣ አለቀ።

ከሱ በፊት የተፈረደበትን ሰው ደግፈው አወጡት። የኛ ሰው ተራ ደረሰ። እጁን መቀነቱ ውስጥ ከተተ። ክሩን ነካው። ከዚያ ባዶ እጁን መልሶ አወጣ።

ዳኛው እጅህን አሉት፣ ሰጣቸው። ጣታቸው የመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ስካር ነው፣ ጌታዬ።»

«ይኼኛውስ?»

«ጥጋብ።»

ሦስተኛው ላይ ደረሱ።

«ፍርሃት ነው። ሳላጠፋ ተበጠሰ፣ አያምኑኝም ብዬ ተደበቅሁ።»

«ማን ቋጠረው?»

«እኔው፣ በጥርሴ።»

ዳኛው ሦስቱን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ዳግም ዳሰሱ። ከዚያ አምስቱን ዓመት ወደ አንድ አወረዱት። ነፃ ነህ ግን አላሉትም።

ይልቃል፣ አንተም ቅጣቱን በገደብ ሲለቁልህ ስቀህ ነው የወጣኸው። ሰኞ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መፈረም ነበር፤ ሦስቴ ሳትሄድ ቀረህ። ሁለቱን ጫት ላይ ቁጭ ብለህ ነው። ሦስተኛውን ታክሲ አጥተህ አረፈድክና፣ ያስሩኛል ብለህ ሸሸህ። ያ ጓደኞችህ ያሠሩልህ የውሸት የሐኪም ወረቀት፣ አዲሱ ክር እሱ ነው። ይዘኸው እንዳትገባ። ሦስቱንም እንደሆኑት ተናገር። ይቀንሱልህ እንደሆነ አላውቅም፣ አልዋሽህም። እኔ በተራዬ ይግባኝ ስል አዲሱን ክር፣ የውሸት ማስረጃ ነበር ያሳየሁት። ይኸው፣ እዚህ ወህኒ አራተኛ ዓመቴ።