ለላይተር የተለመነች ቀለበት

አንድ ሰው ነበረ፤ የሚፈልገው አንዲት ቀለበት ብቻ ነበር። ለጣት አይደለም፣ ለላይተር። ለጣት ቢሆን ኖሮ ወርቅ ሠሪ ቤት ገብቶ፣ ተከራክሮ፣ ተቆጥቶ፣ ወጥቶ፣ ተመልሶ ገብቶ ይገዛ ነበር። የላይተር ቀለበት ግን የሚሸጥ የለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀም አልነበረም።

ሰውየው ዘርጋው ይባላል። ኮምቦልቻ ብረት ተራ ውስጥ፣ በእትዬ አንጓች ፉል ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ባለቀ ላይተር ጋዝ እየሞላ የሚኖር ነው። እትዬ አንጓች ምድጃዋን በጡብ ስታስገነባ ነፋስ እንዳያጠፋባት ብላ የጋዙን አፍ እንደ ጉድጓድ ከጠለቀ ቦታ አስቀመጠችው። ነፋሱም አላጠፋባትም። ግን ላይተር ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ነበልባሉ ዞሮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ እላይ ያለው ደግሞ አውራ ጣቷ ነው። ክብሪት ስትሞክር ምድጃው ጋ ሳይደርስ ይጠፋል። በመጨረሻ ወረቀት ጠቅልላ ስትለኩስ የነጠላዋ ጫፍ ተያያዘ፤ ዘርጋው ሮጦ በዕቃ ማጠቢያው ውሃ አጠፋላት።

ወሬው ደሴ ደረሰ። ደሴ ያለችው ልጇ እናኑ ስልክ ደወለች፤ ረጅም ንግግርም አላስፈለጋትም። «ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ፉል ቤቱ ይዘጋል። አንቺ እኔ ጋ መጥተሽ ትቀመጫለሽ።»

«ትቀመጫለሽ ነው ያለችኝ» አለች እትዬ አንጓች፣ የተለበለበ ጣቷን እያየች። «ሰማህ ዘርጋው? እኔ ዕድሜዬን ቁጭ ብዬ አላውቅም። አንዴ ቁጭ ካልኩ የሚያነሳኝ ቄስ ነው።»

«አይዞሽ እትዬ። እጅ የማይነካ ላይተር እሠራልሻለሁ።»

«ሥራልኛ! እስከ ዛሬ ማን ያዘህ?»

የያዘው ሰው አልነበረም። ከተጣለ ማቀዝቀዣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ቆርጦ፣ ቆልመም አድርጎ ለአንድ አሮጌ ላይተር አንገት አበጀለት። አንገቱ ወደ ታችም ወደ ጎንም እንዲዞር፣ እሳቱም ዞሮ ወደተመለከተበት እንዲሄድ ነው ሐሳቡ። ችግሩ አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ሲላላ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲጠብቅ አንገቱ አይዞርም። ስለዚህ በመካከላቸው አንዲት ቀለበት አሰበ፤ በጎኗ አንድ ቀዳዳ ያላት። አንገቱ ከእጅ ርቆ ሲዞር ቀዳዳ ከቀዳዳ ይገጥምና ጋዙ ያልፋል። አንገቱ ወደ እጅ ሲዞር ግን ቀለበቷ መንገዱን ትደፍናለች፤ ጋዝ የለም፣ እሳትም የለም። ከቆርቆሮ ሠራት፤ አፈሰሰች። ከጎማ ሠራት፤ ቀለጠች። ነሐስ ነው የሚያስፈልገው፤ ነሐሱን የሚቀርጽ ደግሞ ቶርኖ ያለው ሰው።

ቶርኖ ያለው ጋሽ ደምሰው ነው። ዘርጋው ሥዕሉን በጣቱ አየር ላይ እየሣለ አስረዳው። ጋሽ ደምሰው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገ።

«እኔ በዚህ ቶርኖ የከባድ መኪና አክስል ነው የምቀርጸው። አንተ የጉንዳን ጉትቻ ታመጣብኛለህ?»

«የጉንዳን አይደለም፣ የእትዬ አንጓች ነው።»

ጋሽ ደምሰው ቁርሱን የሚበላው እዚያው ስለሆነ መነጽሩን መልሶ አወረደ። «እንደሱ በላ። ነሐስ አምጣ።»

«አንተ ጋ የለም?»

«እኔ ጋ ብረት ነው ያለው። ብረት ይዝጋል። ነሐስ አምጣ አልኩህ እኮ!»

ዘርጋው ወጣ። ምድጃው ላይተር አምጣ አለው፤ ላይተሩ ቀለበት አምጣ አለው፤ ደምሰው ነሐስ አምጣ አለው። ይህ እንኳ ምንም አይደል፣ ሲል አሰበ። የዋህ ነበር።

ነሐስ የሚገኘው ቆራሌው ከድር ግቢ ነው። ከድር ጥያቄውን ሰምቶ በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው።

«ነሐስ? ወላሂ ሞልቷል! የድሮ የቧንቧ ነሐስ፣ ጥርት ያለ፣ ዛሬ የማይገኝ!»

«ተመስገን። ስጠኛ።»

«ከሞተሩ ሥር ነው።»

ሞተሩ የከባድ መኪና ሞተር ነው፤ እንደ ባለርስት ግቢው መካከል ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ዘርጋው እጅጌውን ሰበሰበ። «ና በል፣ አንተ በዚያ እኔ በዚህ፤ እናንሳው።»

«ይህን ወገብ ታየዋለህ?» አለ ከድር፣ ዞሮ እያሳየው። «ይህን ወገብ ወጌሻ ነው መልሶ የሰጠኝ። ሁለተኛ ይዘህብኝ እንዳትመጣ ብሎኛል። ይልቅ ጫንያለውን አምጣ። ሞተሩን በጋሪው ይጫንልኝ፣ አንተ ከሥሩ ያሻህን ውሰድ።»

ዘርጋው ወጣ። ምድጃው ላይተር አምጣ አለው፤ ላይተሩ ቀለበት አምጣ አለው፤ ደምሰው ነሐስ አምጣ አለው፤ ከድር ተሸካሚ አምጣ አለው። በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ «ምነው ከሳህ?» ይለዋል።

ተሸካሚው ጫንያለው ጋሪው ላይ ተጋድሞ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«ሞተር? ሞተር ለኔ ምንድን ነው! ባለፈው ቁም ሳጥን ተሸክሜ ስደርስ ውስጡ የባለቤትየው ልጅ ተኝቶ ተገኘ።»

«እንግዲያው ተነስ።»

«እኔ እነሳለሁ። ጋሪው ነው የማይነሳው።» በእግሩ ጎማውን ነካ አደረገው፤ ጎማው እንደ አሮጌ ስልቻ መሬት ላይ ተለጥፏል። «ጎማ አስለጥፈህ አምጣልኝ፣ አሁኑኑ ነው የምመጣው።»

«የገዛ ጎማህን አንተ ለምን አታስለጥፍም?»

ጫንያለው ሸንኮራውን አገላብጦ አየው። «እኔና ጎማ ለጣፊው አዝመራው አንነጋገርም።»

«በምን የተነሳ?»

«እሱን ጠይቀው። እኔ ሰው አላማም።»

ዘርጋው ጎማውን ፈትቶ ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ምድጃው ላይተር አምጣ አለው፤ ላይተሩ ቀለበት አምጣ አለው፤ ደምሰው ነሐስ አምጣ አለው፤ ከድር ተሸካሚ አምጣ አለው፤ ጫንያለው ጎማ አምጣ አለው። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ «ጋሪ ገዛህ እንዴ?» ይለዋል፤ እሱም ለሁሉም «አዎ» ማለት ጀምሯል፤ ከማስረዳት ይቀላላ።

ጎሚስታው አዝመራው ጎማውን ከሩቅ አየው፤ እጁን አጣጥፎም ጠበቀ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«የጫንያለውን ጎማ ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ አውቀዋለሁ። አልነካም።»

«ምን አደረገህ?»

«ነፋስ ሻጭ ብሎኛል። ደንበኛ በተሰበሰበበት! ‹በዚህ ሰፈር ነፋስ ሽጦ ቤት የሠራ አንድ ሰው አለ› ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ዘርጋው ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ግን ደክሞት ነበር፣ ጎማውም ከብዶት ነበር። «ታዲያ ጎማ የምትሞላው በምንድን ነው?» አለ።

አዝመራው ጎማውን ከትከሻው ነጥቆ በር ላይ ወረወረው። «ሽማግሌ አምጣ! ጋሼ መንበሩ ፊት ተነስቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ ያን ቀን እለጥፋለሁ። እስከዚያ እንኳን ጎማ፣ ፊኛ አልነፋለትም!»

ዘርጋው ወጣ። ምድጃው ላይተር አምጣ አለው፤ ላይተሩ ቀለበት አምጣ አለው፤ ደምሰው ነሐስ አምጣ አለው፤ ከድር ተሸካሚ አምጣ አለው፤ ጫንያለው ጎማ አምጣ አለው፤ አዝመራው ሽማግሌ አምጣ አለው። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው። በፉል ቤቱ በር ሲያልፍ እትዬ አንጓች ድስቶቿን አጥባ፣ ደፍታ፣ በመደዳ ስትደረድር አያት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ጋሼ መንበሩ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ አንዴም ሁለት ዶሮ አርቢዎችን ከነአውራ ዶሮዎቻቸው አስታርቀዋል። ሰሞኑን እህታቸው ትርንጎ ሞታባቸው ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዘርጋውን ሲያዩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ለግድግዳው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ጫንያለውና አዝመራው ተኳርፈው—»

«እኔ ምንህ ነኝ?» አሉ ጋሼ መንበሩ። «እህቴን ስቀብር አገር ሁሉ መጣ። ቆራሌው መጣ። ጎሚስታው መጣ። ያ ሸንኮራ መጣጭ እንኳ ድንኳን ተክሏል። አንድ አንተ ቀረህ። ትርንጎ ፉል ልትበላ ስትመጣ ከወንበርህ ተነስተህ የምታስቀምጣት አንተ ቀረህ! መጀመሪያ ዕንባህን አምጣ፤ ከዚያ ጉዳይህን ታመጣለህ።»

ዘርጋው ሁሉንም ችሏል፤ ይህን ግን አልቻለም።

«መጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ጋሼ ይሙቱ፣ መጥቻለሁ! ከቀትር እስከ ማታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ! ንፍሮ በልቼ! አልቅሼ! ያውም ድምፅ አውጥቼ!»

«የት ነበርክ እኔ ያላየሁህ?»

«ከቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ያሉ መስሎኝ! ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ያለው ድንኳን ውስጥ፣ ምሰሶው ሥር።»

ጋሼ መንበሩ ቀስ ብለው ከግድግዳው ዞሩ። «የኔ ድንኳን ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ነው።»



«አልቃሿ» አለ ዘርጋው፣ ድምፁ እየቀነሰ፣ «‹ቁመተ ሎጋው፣ ጺመ ረጅሙ› እያለች ነበር...»

«ትርንጎ ጺም አልነበራትም።»

«እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ግን በሰው ለቅሶ አይጠየቅም ብዬ ‹እህህ› እያልኩ አጀብኩ። ልጁ መጣና እጄን ይዞ ‹አባቴን ታውቀው ነበር?› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«‹እንደ እናቴ› አልኩት።»

የጋሼ መንበሩ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘርጋው ሽማግሌውን አስለቀስኩ ብሎ ደነገጠ። ጋሼ መንበሩ ግን በጋቢያቸው አፋቸውን አፍነው ይስቁ ነበር፤ በሐዘን ቤት በር፣ ጥቁር ለብሰው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ተንፍሰው አያውቁም።

«ግን ያለቀስከው ለማን ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ለትርንጎ ነዋ፣ ጋሼ። ያኛውን ሰውዬ የት አውቀዋለሁ?»

«ደርሷታል» አሉና በትራቸውን ይዘው ተነሱ። «የታሉ እነዚያ ዱርዬዎች?»

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ትንፋሽ አይበቃም። ጋሼ መንበሩ «ነፋስ ያልከው ነገር ከጋሪህ ሲወጣ ምን ሆንክ?» ብለው ጫንያለውን ጠየቁት፤ ጫንያለው ተሸነፈና ጉልበት ሳመ። ሽማግሌው አስታረቁ፣ አዝመራው ለጠፈ፤ አዝመራው ለጠፈ፣ ጎማው ተነፋ፤ ጎማው ተነፋ፣ ጫንያለው ገፋ፤ ጫንያለው ገፋ፣ ሞተሩ ተነሳ፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ከድር ነሐሱን አወጣ፤ ከድር ነሐሱን አወጣ፣ ደምሰው ቀረጸ፤ ደምሰው ቀረጸ፣ ቀለበቷ ገባች፤ ቀለበቷ ገባች፣ አንገቱ ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት እናኑ ስትደርስ የመኪናዋን ሞተር ሳታጠፋ ነው የገባችው፣ ለመቸኮሏ ምልክት። ዘርጋው ላይተሩን እጇ ላይ አኖረላት። እናኑ የእናቷ ልጅ ናት፤ አንገቱን አዙራ ያነጣጠረችው በቀጥታ ወደ ራሷ አውራ ጣት ነው። ጫነች። ምንም። ደግማ ጫነች። ፍንጣሪ ብቻ፤ እሳት የለም። ደግማ፣ ደጋግማ ጫነች።

«አይሠራም» አለች፣ ድል እንዳደረገ ሰው።

እትዬ አንጓች ከእጇ ወሰደችው። «እጅሽ ላይ ነው የማይሠራው» አለች። «ሥራው እሱ ነው።»

ከዚያ አንገቱን ወደ ታች አዞረችና ወደ ጉድጓዱ ዘቀዘቀችው፤ ነበልባሉ እንደ ታዛዥ ልጅ ጎንበስ ብሎ ገባ። ምድጃው «ቡፍ» አለ። እትዬ አንጓች አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ ለልጇ አሳየቻት፤ ከዚያ ለዘርጋው፤ ከዚያ በር ላይ ለተኮለኮሉት ለደምሰው፣ ለከድር፣ ለጫንያለውና ለአዝመራው፤ ከኋላ ላሉት ለጋሼ መንበሩም።

እናኑ ጣቱንም ምድጃውንም እናቷንም አየች። ወደ ውጭ ወጣች። የመኪናው ድምፅ ጠፋ። ተመልሳ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቃሪያ ይብዛበት» አለች።

ፉሉ ሞቀ፤ ተረቱም ከምድጃው ወረደ።