ወንዝ የተሻገረችው አህያ

ተረት ተረት፤ የአህያ በረት።

አንድ በቅሎ ከወንዙ ማዶ አገር ሠርቶ ተመለሰ። ጀርባው ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ግላስ ነበረ። እንስሳቱ ሲከቡት፣ «ማዶ ሣሩ አንገት ይደርሳል፤ ሥራ የሚባል ነገር የለም» አላቸው።

ሁለት ውርንጭሎቿን ጅብ የበላባት አህያ ሦስተኛውን አስከትላ ቀረበችና ግላሱን በአፏ ገለጠችው። ከሥሩ የጭነት ቁስል ነበረ።

በሬው ሳቀ። «አየሽ እመት አህያ? እዚያም ጭነት ነው። አርፈሽ ተቀመጪ!»

«ጭነትማ እዚህም አለ» አለችና ወደ በቅሎው ዞረች። «ወንድሜ፣ ሣሩን ተወው። ማዶ ጅብ አለ?»

በቅሎው አፍሮ መሬት መሬት አየ። «ጅብስ የለም» አለ።

«እንግዲያው እሄዳለሁ።»

«ድንጋይ ያሸክሙሻል!» አለ በሬው።

«ይጫኑኛ! ጀርባው የኔ ነው።»

ውርንጭላዋን ይዛ ተሻገረች። እውነትም ድንጋይ አሸከሟት። ሣሩ አጭርና ደረቅ ነበር፤ ስታናፋም የሚመልስላት አልነበረም።

በዓመቱ በቅሎው ለሥራ ሲመለስ ሜዳ ላይ አገኛት። ጀርባዋ ተልጧል። «እመት አህያ! ቆጨሽ አይደል?» ብሎ ከሩቅ ጮኸ።

ውርንጭላው ከአጠገቧ አራት እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። አገሩ ሳለ ቆሞ ነበር የሚያንቀላፋው።

«ድምፅህን ቀንስ፤ ልጄን ትቀሰቅስብኛለህ» አለችው።