የአያ ጅቦ ጥርስና እሺ ባዩ ሽቦ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉ፤ ግን በረቱን ዝጉት። ዛሬ የሚመጣው ጅብ ነው።

ድሮ፣ ብረትም እንስሳም አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል አንድ ጅብ ነበር። ሳቁ ረጅም፣ ጉራው ከሳቁ የረዘመ፣ የግራ ክራንቻው ግን ጠማማ ነበር። የግራዝማች ጅብን ልጅ ሊያገባ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ፤ ኤሊን፣ ከርከሮንና ጥንብ አንሳን። ግራዝማችም እንደ ቤታቸው ወግ የበሬ ቅልጥም አስመጡና፣ «አማቼ የሚሆን ይህን በአንድ ንክሻ ይሰብራል» አሉ።

አያ ጅቦ ነከሰ። ቅልጥሙ ከጠማማው ጥርስ አዳለጠና ተፈናጥሮ ኤሊ ጀርባ ላይ አረፈ።

«ይህን ያህል ዘመን ሽምግልና ስሄድ በአጥንት ተመትቼ አላውቅም» አለ ኤሊ፣ አንገቱን እየሰበሰበ።

ግራዝማች አልሳቁም። «ልጄን አጥንት ለማይሰብር ብሰጥ የልጅ ልጆቼ ሣር ሊግጡ ነው። ሦስት ወር ሰጥቼሃለሁ። ካልሆነልህ ለታች ሰፈሩ ጅብ እድራታለሁ።»

አያ ጅቦ ጉረኛ ይሁን እንጂ ልጅቱን ከልቡ ይወዳት ነበር። ጅራቱን ወሽቆ ወደ ወጌሻዋ ወደ እመት ጃርት ሄደ።

«እመት ጃርት፣ የተሰበረውን በአንድ ቀን ትጠግኛለሽ ይሉሻል። ይህችን አቅኚልኝ።»

«አጥንት ይገጠማል፤ ጥርስ ግን ይሄዳል» አለች ጃርት፣ አፉን በእሾኋ ከፍታ እያየች። «የሚሄደውም እንደ ኤሊ ነው። ሳይሰለች ቀስ አድርጎ የሚገፋው ይፈልጋል።»

ከከረጢቷ ውስጥ የብረት ሽቦ ብድግ አለ። «እኔ እገፋዋለሁ። ለማንም ጎንበስ ብዬ አላውቅም።»

ጃርት ከጥርሶቹ ጋር አሰረችው። ብረቱ ሁለት ቀን አያ ጅቦን አስለቀሰው። በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ተናዶ ድንጋይ ነከሰ፤ ብረቱ ጎበጠ፣ እንደ ጎበጠም ቀረ።

«ቀና በል እንጂ» አለችው ጃርት።

«እንዴት እንደነበርኩ ጠፋኝ» አለ ብረቱ።

መዳብ ተተካ። «እንደ ፈቀዳችሁ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ በጠማማው ጥርስ ላይ እሱም ጠማማ ሆኖ ተኛ። አላመመም፤ አልገፋምም። ከሳምንት በኋላ አያ ጅቦ ኩሬ ላይ ፊቱን አየ። ጥርሱ እንደ ጠመመ ነው፤ ግን ያብረቀርቃል።

«ጌጥ ነው እንዴ ያሰርሽልኝ?» አለ።

ጃርት ሦስተኛውን ከከረጢቷ ጥግ ፈልጋ አወጣችው፤ አመድማ፣ ቀጭን፣ ማንም ልብ የማይለው ሽቦ። «አባቱ ኒኬል፣ እናቱ ቲታኒየም፤ የሩቅ አገር ማዕድናት ጋብቻ ነው» አለች። ጠምዝዛ ቀለበት አስመሰለችው፤ ሽቦው እሺ አለ። ለቀቀችው፤ ቀጥ አለ።

«ምን ዓይነቱ ነህ?» አለው ብረት ከወደቀበት። «ያጎበጠህን ሁሉ እሺ ትላለህ። ወገብ የለህም?»

«እሺ እላለሁ» አለ ሽቦው። «ሲለቁኝ ደግሞ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ቅርፄን ያስተማረችኝ እሳት ናት፤ የእሷ ትምህርት አይረሳም።»

ጃርት ከጥርሶቹ ጋር ስታስረው እሺ ብሎ ጎበጠ። ግን ወደ ቤቱ መሄድ ፈለገ፤ ሲሄድም ጥርሱን ቀስ አድርጎ ይዞት መሄድ ጀመረ። አያ ጅቦ ድንጋይ ነከሰበት፤ እሺ አለ፣ ተመለሰ። ቀንድ ነከሰበት፤ እሺ አለ፣ ተመለሰ። ሰደበው፤ እሱንም እሺ አለ።

ወር ሞላ፤ ጥርሱ ግማሽ መንገድ ሄደ። ታዲያ አንድ ቀን አያ ጅቦ ከምንጭ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ሽቦው ሲገፋው የሚሰማው ሕመም ጥፍት አለለት። «መድኃኒቱን አገኘሁት» ብሎ ሁለተኛውን ወር አፉን ምንጭ ውስጥ ነክሮ ከረመ። ከውሃው ሲወጣም አፉን ለነፋስ ከፍቶ ስለ ሠርጉ ጉራውን ሲነዛና ሲስቅ ዋለ። እመት ጃርት ብታየው ጥርሱ ቅንጣት አልተነቃነቀም።

«ሽቦ፣ ተኛህ እንዴ?» አለች።

«ብርድ ላይ ክንዴ ይዝላል፤ ጉልበቴ ሙቀት ነው» አለ ሽቦው። «ይህ ሰውዬ ደግሞ አፉን አይዘጋም።»

ጃርት ወደ አያ ጅቦ ዞረች። «ሃያ ቀን ቀርቶሃል። አፍህን ዝጋ።»

«ሳቄስ?»

«ዝጋ።»

«ስለ ሠርጌ ትንሽ ባወራስ?»

«አፍህን ካልዘጋህ የምታወራው ሠርግ አይኖርም።»

እንዲህ ያለ መከራ በጅብ ላይ ደርሶ አያውቅም። ዝንጀሮ ከገደል ላይ ሰደበው፤ ዝም አለ። አህያ ፊት ለፊቱ ቆማ አናፋች፤ ዝም አለ። የታች ሰፈሩ ጅብ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሳቀበት። በዚህኛው እንባ አቀረረ፤ ግን ዝም አለ። ሽቦውም በሞቀው አፍ ውስጥ ቀን ከሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰነበተ።

በቀጠሮው ቀን ጃርት ሽቦውን ፈታችለት። ቅልጥሙ መጣ። ኤሊ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አያ ጅቦ ነከሰ፤ ቅልጥሙ ቋ አለና ለሁለት ተሰበረ።

ግራዝማች መቅኔውን ቀመሱ። «ጥርስስ ያለው ብዙ ነው» አሉ። «ግን ከመጣ ጀምሮ አንዴም ጉራ አለመንዛቱን ልብ ብላችኋል? ልጄን ሰጥቼዋለሁ።»

አያ ጅቦ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ እመት ጃርትን አያትና መልሶ ዘጋው።

ከረጢቱ ውስጥ ብረት ሽቦውን ጠየቀው፤ «ይህን ሁሉ ቀን በጅብ አፍ ከረምክ። ምን አተረፍክ?»

ሽቦው እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። «እሱ ተቃና» አለ።

ስለዚህ እሺ ያለን ሁሉ ተሸነፈ አትበሉ፤ አንዳንዱ ቤቱን ያውቃል። ተረቴን ወደ ቤቷ መለስኳት፤ እናንተም አፋችሁን ዝጉ፣ ብርድ እንዳይገባ።